ጀልባዋ ያነሳችው በር

መርማሪዋ ውሃ ትፈራለች። ሐይቁ ላይ በምሰሶ ወደቆመው የጀልባ ቤት የሚወስደውን ጠባብ የሳንቃ መተላለፊያ የተሻገረችው የሳጅኑን ክንድ ጨብጣ፣ ዓይኗን ከጫማዋ ጫፍ ሳታነሳ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ነፍሰ ገዳይ የማይፈሩ ሴት ይቺን ውሃ ይፈራሉ?» አላት ሳጅኑ ፈገግ ብሎ።

«ነፍሰ ገዳይ ቆይቶም ቢሆን ይለፈልፋል። ውሃ የዋጠውን አይናገርም።»

ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ፈገግታው ከሳጅኑ ፊት ጠፋ። ሟቹ በጀልባዋ የኋላ መቀመጫ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጠዋት ያገኘው ጓደኛው፣ መካኒኩ፣ እዚያ አስተኝቶ ከራሱ ስር የመንሳፈፊያ ጃኬት አጥፎ አድርጎለት ነበር፤ ለሞተ ሰው ትራስ ምን ያደርግለታል? ግንባሩ ላይ የታሰረችው መብራት ባትሪዋን ጨርሳ ጠፍታለች። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ሕይወት ያለው ሰው እንኳ በማይኖረው ቅላት ደምቀዋል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከንፈሩን አየች፤ ቀጥሎ ሞተሩን።

«ጭስ ነው» አለች።

«ሐኪሙም እንደዚያው ነው ያለኝ። እኔ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የያዘው መስሎኝ ነበር።»

«በጀልባ ባትሪ ሰው አይሞትም፣ ሳጅን።»

ጀልባዋ ለዓሣም ለመንገደኛም የተሠራች አልነበረችም። ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ ገመድ ይዘው፣ ከኋላዋ በሚነሳው ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶችን የምትጎትት ናት። ማዕበሉ የሚያድገው ጀልባዋ ስትከብድ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ መቀመጫዋ ስር ትልልቅ የውሃ ከረጢቶች ተዘርግተዋል። ፓምፕ ከሐይቁ እየሳበ ይሞላቸዋል፤ ጨዋታው ሲያልቅ መልሶ ያፈሳቸዋል። ሟቹና ጓደኛው ሲመርጡና ሲገጥሙ የከረሙት ይህንኑ ፓምፕ ነበር። ጀልባዋም ከየብስ ወርዳ ወደዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ትናንት እኩለ ቀን ላይ ነው። ቤቱ የሟቹ አባት ለራሳቸው አጭር ጀልባ ያሠሩት ስለነበር አዲሷ አልበቃችበትም፤ ከኋላዋ ያለው፣ ዋናተኛ የሚወጣበት መርገጫ ከበሩ መስመር አልፎ ወደ ሐይቁ ወጥቷል።

ሳጅኑ ጉዳዩን በሆዱ ጨርሶታል።

«ፓምፑን የገጠመው መካኒክ ጣቢያ ነው ያለው። ሰፈሩ ‹ቀላሉ› ነው የሚለው፤ ምን ቢጠይቁት ‹ቀላል ነው!› ስለሚል። ሞተሩን አስነሳ ያለው እሱ መሆኑን አምኗል። ይሄ በር ደግሞ» ወደ ሐይቁ የሚከፈተውን ተጠቅላይ የብረት በር በአገጩ አመለከተ «ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። የዘጋችው የሟች እህት ናት። በተዘጋ ቤት ሞተር አስነስቶ ሰውዬውን ጭስ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ቸልተኝነት ነው እንበል። ከዚያም ሊብስ ይችላል፤ ‹ከነፓምፕህ እቀብርሃለሁ› ሲለው የሰማ ሰው አለ።»

«መካኒኩ ምን ይላል?»

«በሩ ክፍት ነበር ይላል። ምን ይበል ታዲያ?»

በሩ አሁን ወደ ላይ ተጠቅልሏል። የታችኛው ጠርዙ ግን ጠሟል።

«ይሄስ?»

«ቀላሉ ነዋ! ጠዋት ጭሱ እንዲወጣ ብሎ በጉልበቱ ሲከፍተው አጣመመው።»

መርማሪዋ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። የጠመመው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ወደ ላይ። ጣቷ ላይ ሰማያዊ የጎማ ብናኝ ቀረ። የጀልባዋን መርገጫ አየች። ሰማያዊ ጎማ ለብሷል። ጣቷን በመሐረቧ ጠረገች፤ መሐረቡን ግን በጥንቃቄ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የሟቹ ሸሪክ ዳር ላይ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ደልደል ያለ፣ ጸጉሩን ገና የተቆረጠ ሰው።

«ሟቹና መካኒኩ ለፓምፕ ነው የተጣሉት?» አለችው።

«መጣላት እንኳ አይባልም፤ መነታረክ ነው። እኔና ሟች ርካሹን እንግጠም አልን። ፈጣን ነው፣ ይበቃናል። ቀላሉ ደግሞ የጎማ ምላስ ያለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ያኛው ወደፊትም ወደኋላም ይዞራል፤ ያው አንዱ ፓምፕ ይሞላል፣ ያፈሳል። ‹ሲቆም ውሃውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ የናንተው ግን በቆመበት ውሃ እንደ ልቡ ይገባበታል ይወጣበታል› አለን። ሟች ‹ጎማህ ውሃ ሳይኖር ከዞረ ይቃጠላል› ሲለው፣ ‹ደረቁን ካዞርከውማ ከነፓምፕህ እቀብርሃለሁ!› አለው።»

«እየተቆጣ ነው እየሳቀ?»

ሸሪኩ አዲስ የተላጨ አንገቱን አከከ። «እየሳቀ። ሁለቱም እየሳቁ።»

«ለሳጅኑ ሳቁን አልነገርከውም።»

«አልጠየቀኝማ።»

«አንተስ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ጸጉር ቤት።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱስ እውነት ነው። ከጎኔ ተቀምጦ እስኪመሽ ጆሮዬን አደነቆረኝ።»

ከጀልባው ቤት በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የቤተሰቡ መኖሪያ አለ። እህትየው ጓዳ ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ ታጥፋለች። መርማሪዋን ስታይ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«እናቴ አልሰማችም። ዕቃ ሊገዛ ከተማ ወጥቷል ብያታለሁ። እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ሕመሙ አያስተኛትም።»

«ትናንት ምን ሰማሽ?»

መርማሪዋ ሰውን «ምን አየህ?» ብላ አትጀምርም። ዓይን ያየውን አሳምሮ ያወራል፤ ጆሮ ግን ማሳመር አልለመደም ትላለች።

«ሞተር ነዋ፤ ሌላ ምን አለ።»

«በሩንስ መቼ ዘጋሽው?»

«ከምሳ በኋላ ነፋስ ሲነሳ። ጀልባዋ ባዶዋን ቆማ ነበር፣ ሰው አልነበረም። ሰንሰለቱን ለቀቅኩት፤ በሩ እስከ ውሃው ድረስ ወረደ። ተመለስኩ። እነሱ በኋላ በየብሱ በር ነው የገቡት።»

«እስከ ውሃው ድረስ? አልያዘም?»

«ምን ይይዘዋል? ሸርተት ብሎ ወረደ።»

«ወንድምሽ ለእራት ሲቀር አልጠራሽውም?»

የአንሶላው እጥፋት መሐል ላይ ቆመ።

«ተኳርፈን ነበር» አለች። «እናቴን ወደ ሆስፒታሉ እናስጠጋት አልኩት። ‹ሐይቁን ካላየች ትሞታለች› አለኝ። እኔ ነኝ የማነሳት፣ እኔ ነኝ የማገላብጣት፤ እሱ እታች ከፓምፑ ጋር ይውላል። ‹ከእናትህ ሆድ የጀልባህ ሆድ ይበልጥብሃል› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። እዚያ ማደር ልማዱ ነው፤ አደረ ብዬ ተውኩት።»

አንሶላውን እንደገና ዘረጋችው። እጥፋቱ ተበላሽቶባት ነበር።

እናትየው መስኮቱ ስር ባለ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ከመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ ከታች የጀልባው ቤት ጣሪያ።

«አዲሷ ነርስ ነሽ?»

«እንግዳ ነኝ፣ እማማ። እንዴት አደሩ?»

«እንዴት አድራለሁ ብለሽ ነው? የቀረኝ ጆሮዬ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

«ትናንት ታዲያ ጆሮዎ ምን አመጣልዎት?»

አሮጊቷ ፊታቸው በራ። «ልጄ ሞተሩን አስነሳ! መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ! ቆየት ብሎ ያ ቀላሉ የሚሉት ቀውስ እየዘፈነ በመስኮቴ ስር አለፈ። ሞተሩን ሊበልጥ ነው እኮ የሚጮኸው! ‹እማማ፣ ይድናሉ፣ ቀላል ነው!› ይለኛል። ‹ለአንተ ምኑ ይከብድሃል!› አልኩት። ከዚያ ሸለብ አደረገኝ።»

«እስኪነጋ ተኙ?»

«ምን ተኛሁ! ባነንኩ። ሞተሩ ብርድ ልብስ እንደደረቡበት ድምፁ ታፍኗል። ውሃ ብዬ ብጣራ መልስ የለም። በኋላ ልጄ መጣች፤ ግንባሬን ስትነካኝ እጇ በረዶ ሆኗል። ምስኪን፣ እሷም ደክሟታል።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየች። ስትገልጠው አሮጊቷ እያዩዋት ነበር።

«አንቺ፣ አለቀስሽ እንዴ?»

«ነፋሱ ነው፣ እማማ።»

መስኮቱ ዝግ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ቀላሉን ያገኘችው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሰፈሩን ሲያስቅ የኖረ አፉ ደርቋል።

«ወንድሜን ገደልኩት» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ፓምፑ ባትሪውን እንዳያደክመው ሞተሩን አስነሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ከረጢቶቹን ሞላናቸው። ‹አንተ ሂድ፤ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ እንዳለ አይቼ አፈሰዋለሁ› አለኝ። እንደ እንቁራሪት በደረቱ ተኝቶ፣ ራሱን መቀመጫው ስር ከቶ ትቼው ሄድኩ።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነበር። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ትዝ ይለኛል። ግን እህቱ ዘግቼዋለሁ ካለች... እትዬ ትዋሻለች? እኔ ሳላስተውል ቀርቼ ይሆናል። ኢንስፔክተር፣ አሁን ራሴንም አላምነውም።»

«ስትሄድ መርገጫው ከውሃው በላይ ነበር?»

«የለም፣ ሰጥሟል። ከረጢቶቹ ሲሞሉ ኋላዋ ይወርዳል።»

«ጠዋትስ?»

«ወጥቶ ነበር። አፍስሶታል። ሞተሩን ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«በሩን ስትከፍተው ታገልከው?»

«ሰንሰለት መሳብ ምን ትግል አለው? ቀላል...» ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ተነስ» አለችው። «ያንን ፓምፕ የሚፈታልኝ እጅ እፈልጋለሁ። መለዋወጫ ጎማም ያዝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጀልባው ቤት ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነስቷል፤ የታጠፈው ጃኬት ግን እዚያው መቀመጫው ላይ ነበር፣ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። ሳጅኑ የየብሱን በር ደግፎ ቆመ። ሸሪኩ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። እህትየው የእናቷን ሻርፕ ደርባ ከግድግዳው ተጠጋች።

ቀላሉ የፓምፑን ክዳን ፈታ። እንደ አበባ ቅጠል መዘርጋት የነበረበት የጎማ ምላስ ቀልጦ፣ ጠቁሮ፣ ከቤቱ ጋር ተጣብቋል።

«ምን ሆነ ይሄ?» አለች መርማሪዋ።

«ደረቁን ዞሯል። ፊውዙ እስኪበጠስ።» ጥቁሩን ጎማ በጥፍሩ ጫረው። «እሱ ይሄን አያደርግም! በቀልድም ቢሆን አስምዬዋለሁ።»

«አላደረገውም። ማፍሰሻውን ሲጫን በሕይወት ነበር። ውሃው ሲያልቅ ፓምፑን ማጥፋት የነበረበት እጅ ግን ቀድሞ ወድቋል። ጭሱ የያዘው በዚህ መሐል ነው። እስቲ ሳጅን፣ በሩን ልቀቀው።»

ሳጅኑ ሰንሰለቱን ለቀቀ። በሩ እየተንኳኳ ወረደና መርገጫው ላይ ቁጭ አለ። ከስሩ እስከ ውሃው ክንድ የሚያህል ክፍተት ቀረ፤ የሐይቁ ነፋስ ገብቶ የሻርፑን ጫፍ አነሳው።

«ከረጢቶቹ አሁን ባዶ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ከምሳ በኋላ እንደነበሩት። ባዶ ጀልባ ላይ ይህ በር እስከ ውሃው አይወርድም።»

እህትየው በሩን ታየው ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አይታው እንደማታውቅ ከፊቷ ይነበባል።

በሩ ተነሳ። ቀላሉ አዲሱን ጎማ ሳሙና ቀብቶ አስገባ፣ ፊውዙን ቀየረ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ፓምፑ አጉረመረመ። ከረጢቶቹ መቀመጫው ስር እያበጡ ሲሄዱ የጀልባዋ ኋላ ቀስ እያለ ሰመጠ፤ ሰማያዊው መርገጫ ከውሃው ስር ገባ። መርማሪዋ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። በሩ በዚህ ጊዜ ምንም ሳይይዘው ሸርተት ብሎ ውሃው ጋ ደረሰ። ቤቱ ጨለመ።

«አሁን አፍስሰው።»

ፓምፑ ወደኋላ ዞረ። ለብዙ ጊዜ ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ መርገጫው ከስር መጥቶ በሩን ነካው፤ ብረቱ አቃሰተ፤ ጠርዙ ትናንት በጠመመበት በዚያው በሁለቱ ቦታ ተቀምጦ ተነሳ። በስሩ ጠባብ የብርሃን መስመር ገባ፣ እየሰፋም ሄደ። ቀላሉ ከረጢቱ ሳይደርቅ ማብሪያውን አጠፋው።

«በሩን ያጣመመው ቀላሉ አይደለም። ጀልባዋ ናት» አለች መርማሪዋ። «ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ፓምፑ ማፍሰሱን አላቆመም፤ እሷም ቀስ እያለች ተነሳች። በሩን ከፍታለት ነበር። ግን ዘገየችበት።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «ርካሹን ገጥማችሁ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ተመልሶ ይገባ፣ ጀልባዋም መልሳ ትሰምጥ ነበር። ይሄ ግን ቀልጦም እንደ ቡሽ ደፈነው፤ ጀልባዋ እንደተነሳች ቆየችን።»

ሸሪኩ ዓይኑን መለሰ።

«እንግዲህ በሩ የተዘጋው ከረጢቶቹ ሞልተው ሳለ ነው። የተሞሉት ደግሞ ቀላሉና ሟቹ እዚህ ከገቡ፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ቀላሉ ሲወጣ ዘግቶት ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«እሱ እየዘፈነ በመስኮቱ ስር ሲያልፍ ሞተሩ መስኮቱን ያንቀጠቅጥ ነበር። ድምፁ የታፈነው እሱ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ነው። ሸሪኩን አንተው ራስህ ከጎንህ አስቀምጠህ ነበር። አሮጊቷ ከአልጋ አይወርዱም። የሞተሩ ድምፅ በታፈነ ጊዜ ውሃ ብለው ቢጣሩ ግን መልስ የሰጣቸው የለም። በኋላ የመጣችው ልጃቸው እጇ ቀዝቅዟል።» መርማሪዋ ወደ እህትየው አልተራመደችም፤ ከቆመችበት ሆና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሸርተት ብሎ ወረደ አልሽኝ፣ እህቴ። እውነትሽን ነው፤ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ። ሰዓቱን ብቻ ቀየርሽው።»

እህትየው ሻርፑን በሁለት እጇ ያዘች።

«እናቴ ተኝታ ነበር» አለች። «ስንት ጊዜ ስትቃትት ከርማ ሸለብ አድርጓት ነበር። ሞተሩ ቤቱን ያናውጠዋል። ትነቃብኛለች ብዬ ሮጬ ወረድኩ። እግሩን አየሁት፤ ራሱን መቀመጫው ስር ከቷል። ‹አጥፋው› ልለው አፌን ከፈትኩ።»

«ለምን አላልሽውም?»

«ቀድሞ የሚናገር እሱ ይሁን ብዬ።» እንባዋ መጣ። «ካኮረፈኝ እሱ ይጀምር! ሰንሰለቱን ለቀቅኩት፤ ድምፁ ይቀንሳል ብዬ ብቻ። ጭሱ ትዝ አላለኝም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ትዝ አላለኝም። አንድ ቃል እኮ ነው፣ አንዲት ቃል...»

«ቀላሉን ሲወስዱትስ?»

«መስኮት ላይ ሆኜ አየሁ።» ወደ እሱ መዞር አቃታት። «እኔን ከወሰዱኝ እሷን ማን ያነሳታል? ማን ያገላብጣታል? ሌላ አላሰብኩም።»

ሳጅኑ ወደፊት ተራመደ። መርማሪዋ ክንዱን ያዘችው፤ ጠዋት መተላለፊያውን ስትሻገር እንደያዘችው።

ያን ጊዜ ከዳገቱ ላይ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ወረደ።

«አንተ ልጅ! መጣህ እንዴ? ፓምፕህ ሲያጉረመርም ሰማሁት! ሞተሩን የማታስነሳው ምነው? ትናንት ድምፁን አፍናችሁብኝ እንቅልፌ ጠፋ! እሱን ካልሰማሁ አይወስደኝም፣ ታውቅ የለም ወይ?»

እህትየው ባለችበት ቁጭ አለች። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ፤ ሻርፑን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ አሮጊቷ እንዳይሰሙ።

ቀላሉ ነው ቀድሞ የደረሰላት። አጠገቧ ተንበረከከ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ተያዩ፤ እሱ ሊሰድባት ይሁን ሊያቅፋት አላወቀም። በመጨረሻ በክንዷ ይዞ አነሳት።

«ተነሽ፣ እትዬ» አላት።

«ሂጂ ንገሪያቸው» አለቻት መርማሪዋ። «ዛሬ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። እኛ እዚህ እንጠብቅሻለን። እሳቸውን የሚያነሳና የሚያገላብጥ ሰው ሳላገኝ ከዚህ አልወስድሽም።»

እህትየው መተላለፊያውን ተሻግራ ዳገቱን ያዘች። መስኮቱ ገና ክፍት ነበር።

ቀላሉ እጁን የሞተሩ ቁልፍ ላይ አደረገ። «ላስነሳላቸው?» አለ።

መርማሪዋ መጀመሪያ በሩን አየች። ሳጅኑ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ስቦት እስከ ጣሪያው ተጠቅልሏል። የየብሱም በር ተከፍቷል። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሞተሩ ተነሳ። ከላይ አሮጊቷ «እሰይ!» ሲሉ ተሰማ፤ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ። እህትየው በራፉ ላይ ቆማ ቆየች፣ ከዚያ ገባች። ከዚያ በኋላ ከቤቱ የተሰማ ነገር ቢኖር እንኳ ሞተሩ ሸፍኖታል። አራቱም ባሉበት ቆመው ጠበቁ፤ ነዳጁ አልቆ ራሱ ዝም እስኪል ድረስ፣ አንዳቸውም እጃቸውን ወደ ቁልፉ አልዘረጉም።